ባለ ሁለት ጓጉንቸሩ ጉድጓዳችን

ውኃን የሚያደርቀው ፀሐይ ነው ያላችሁ ሰው ዋሽቷችኋል። የድሬ ዳዋን ፀሐይ ከልጅነቴ ጀምሮ ስለማውቃት ስሟ ሲጠፋ ዝም አልልም! ውኃን የሚያደርቀው ሁለት ደግ መሥሪያ ቤት ነው። አንድ ክፉ መሥሪያ ቤት ቢሆን ተሳድባችሁም፣ ተለማምጣችሁም ትገላገሉታላችሁ። ሁለት ደጎች ተባብረው ከመጡባችሁ ግን… እንስራችሁን ታቅፋችሁ ዝናብ ለምኑ።

ጥፋቱ የኔ ነው፤ ልናዘዝ።

በደቻቱ ወንዝ ዳር፣ ከማዶው ሰፈር ከመጋላም ከኛም ወገን የምንቀዳበት አንድ ጉድጓድ አለን። ደቻቱ ራሱ ዓመቱን ሙሉ አሸዋውን አንጥፎ ይተኛል፤ ጉድጓዱ ግን በበጋም አይነጥፍም። የጎደለው ጠባቂ ብቻ ነበር። አንዱ በቅሎውን አፉ ላይ ያጥባል፣ አንዷ የሕፃን ጨርቅ ታለቀልቅበታለች፣ በመጨረሻም የአንድ ነጋዴ ፍየል ዘልላ ገባችበት። ፍየሊቱን በገመድ አወጣናት። እሷ ከዚያ ወዲያ ውኃ ስታይ ትሸሻለች፤ እኛም እሷ ትዝ ስትለን እንደዚያው።

ከሰፈሩ ሴቶች ፊደል የለየሁት እኔ ነኝ። የኔታ ፊት አልተቀመጥኩም፤ የተማርኩት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። (ለዚህ ነው የስንቱን ወሬ መጀመሪያ አውቄ መጨረሻውን የማላውቀው። መጨረሻው ሁልጊዜ ከሌላ ሰው ስኳር ጋር ይሄድ ነበር።) ማመልከቻ ጻፊ አሉኝ፣ ጻፍኩ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ብዬ ጀመርኩና ጉድጓዱ ይጠበቅልን አልኩ።

እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ! ግን «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው ምክር ትዝ አለኝ። አንዱን ቅጂ ለከተማው መሥሪያ ቤት፣ አንዱን ለአውራጃው መሥሪያ ቤት አስገባሁ። አንዱ ቢተኛ አንዱ ይነቃል ብዬ ነው። ሁለቱም አንድ ላይ ይነቃሉ ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ነቁ! ሦስት ወር ሙሉ ተጻጻፉና መልሱ መጣ። «ውኃው የከተማውም የአውራጃውም ሀብት ስለሆነ፣ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች በመተባበር ይጠብቁታል» ይላል። እልል አልን። ሲሚንቶ መጣ፤ የጉድጓዱ አፍ ተገነባ፤ የብረት ክዳን ተገጠመለት። የከተማው መሥሪያ ቤት አንድ ጓጉንቸር ቆለፈበት። አውራጃው ከማን አንሶ፣ እሱም አንድ ጓጉንቸር ቆለፈበት። ለየጓጉንቸሩ አንድ ዘበኛ፣ ለየዘበኛው አንድ ቁልፍ። ከሥሩም «አንዱ ዘበኛ ሌላው በሌለበት እንዳይከፍት» የሚል ትእዛዝ ታከለ።

የከተማው ዘበኛ ወንድሙ ይባላል፤ ከደጋ በባቡር የወረደ ነው። የአውራጃው ዘበኛ አው ዩሱፍ የመጋላ ሰው ነው። ሁለቱም ወርቅ ሰዎች ናቸው። ችግሩ ሁለቱም ፈጣሪያቸውን አጥብቀው መፍራታቸው ነው።

አርብ አው ዩሱፍ መስጊድ ነው። እሑድ ወንድሙ ቤተ ክርስቲያን ነው። በአሥራ ሁለት ሚካኤል፣ በአሥራ ዘጠኝ ገብርኤል፣ በሃያ አንድ ማርያም… ወንድሙ የማያከብረው ታቦት ካለ ገና ያልተተከለው ነው። ቁልቢ የሄደ ጊዜማ አራት ቀን ክዳኑን ስናይ ሰነበትን። በተረፈው ቀን ደግሞ ከስምንት ሰዓት በኋላ የአው ዩሱፍ በርጫ አለ። ጫቱን ይዞ ትራሱን ከተደገፈ እሳት ቢነሳ እሱ አይነሳም። ውኃ በሉት፣ ቢሻን በሉት፣ ቢዮ በሉት፤ በሦስት ቋንቋ ብትጠሩትም በአንድ ቁልፍ አይመጣላችሁም!

ውኃው ግን ተጠብቋል። ይህን መካድ ግፍ ነው። ከበቅሎ ተጠብቋል፣ ከፍየል ተጠብቋል፣ ከኛ ከጠጪዎቹም ሳይቀር ተጠብቋል።

እጄ አንዴ ለምዷልና ሁለተኛ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ «መርማሪ ይላክልን» ብዬ። ለማን አትሉኝም? ለሁለቱም! ሰው ከስሕተቱ የሚማረው የኔታ ፊት የተቀመጠ እንደሆነ ነው።

ይሄኔ ሐሊማ መጣች። ሐሊማ መጋላ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ደቻቱ መሐላችን ቢተኛም ስንት ዘመን አብረን የቀዳን ወዳጄ ናት።

«እህቴ፣ ልጄን አርብ ልድራት ነው።»

«እልልል!»

«እልልታውን ቆጥቢው አቦ! ሦስት መቶ ሰው ጠርቻለሁ። ሩዙ አለ፣ ፍየሉ አለ። ውኃው ነው ያስጨነቀኝ።»

«ውኃውን ለእኔ ተዪው!»

«ወላሂ በይ?»

«ወላሂ!» አልኩ እኔ የማርያም ማኅበርተኛዋ። ለአፍ ዳገት የለውም።

ቤቴ ገብቼ ቀን ስቆጥር ላብ አጠመቀኝ። አርቡ ወሩ በገባ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ነው የዋለው! ጠዋት አንዱ ገብርኤል፣ ቀትር ላይ አንዱ ጁምዓ። ሐሙስ ቀድተሽ አታሳድሪም ወይ እንዳትሉኝ። የሐሊማ ቤት ዕቃ እስከ ጀበናው ድረስ ቢሞላ ከፍየሉ ማጠቢያ አያልፍም። ሦስት መቶ እንግዳ ደረቅ ሩዝ ቆርጥሞ ሲሄድ ታየኝ፤ የሙሽሪት አማት ደግሞ ይህን እስክትሞት የምትረሳ ሴት አይደለችም።

ሐሙስ ጠዋት ዘበኞቹን ጉድጓዱ አፍ ላይ ያዝኳቸው።

«ወንድሙ፣ ነገ ገብርኤል ስትሄድ ቁልፍህን ለአው ዩሱፍ ትተህለት ሂድ። አው ዩሱፍ፣ አንተም ለጁምዓ ስትነሳ ሁለቱንም ለወንድሙ።»

ወንድሙ ኪሱን በሁለት እጁ ያዘ። «የመንግሥት ቁልፍ ለባዳ? እትዬ፣ ደመወዝህን ስጠው ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር!»

«ባዳ?» አለ አው ዩሱፍ። «ትናንት ከጫቴ እየቀነጠስክ ወንድሜ ስትለኝ አልነበር!»

ወንድሙ ዙሪያውን ገልመጥ አደረገ። የንስሐ አባቱ አለመስማታቸውን ሲያረጋግጥ ተሸነፈ።

አርብ ጠዋት ነገሩ እንደ ባቡር ሀዲድ ቀጥ ብሎ ሄደ። ወንድሙ ተሳለመ፣ አው ዩሱፍ ከፈተ፣ እኛ ቀዳን። ቀትር ሲቃረብ አው ዩሱፍ ክዳኑን ቆልፎ፣ ሁለቱን ቁልፎች እንዳይጠፉ በአንድ ሲባጎ አስሮ ከቤተ ክርስቲያን ለተመለሰው ለወንድሙ ሰጠና ወደ መስጊድ ሄደ። የመጨረሻው፣ የሩዙ ውኃ ቀርቶናል። የላምባ ቆርቆሯችንን ይዘን ተሰልፈናል። በዚህ መሐል…

ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ ባርኔጣ የደፋ የከተማው ሹም፣ ሁለተኛው የአውራጃው ግራዝማች። በእጃቸው የያዙትን ወረቀት ከሩቅ አወቅሁት፤ የኔው ጽሑፍ ነው! መርማሪ ይላክልን ስል ተላከልኝ።

«ክፈት፣ እንየው» አለ የከተማው።

ወንድሙ ቁልፉን መዘዘ። ሲባጎው የአውራጃውን ቁልፍ አስከትሎ ብቅ አለ። ግራዝማቹ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይኸ የኛ ቁልፍ አይደለም?»

«ነው ጌታዬ።»

«በከተማው ዘበኛ እጅ?»

«አዎ ጌታዬ።» ወንድሙ ጠዋት የተረጨው ጠበል በላብ ታጠበ።

«ደንብ ፈርሷል!» አሉ ግራዝማቹ። የከተማው ሹምም እንዳይበለጥ ቶሎ ብሎ «ዘበኞቹ ይታገዱ፤ ጉድጓዱም ምርመራው እስኪያልቅ ይታሸግ!» አለ። እነዚህ ሁለት መሥሪያ ቤቶች በአንድ አፍ ሲናገሩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ያ ረቢ!» አለች ሐሊማ ከኋላዬ። «ድስቱ እሳት ላይ ነው! እህቴ፣ ወላሂ ብለሽኝ የለም ወይ?»

ብያለሁ። ከጉያዬ የመጀመሪያውን መልስ አወጣሁና ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። «‹ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች በመተባበር ይጠብቁታል።› ጌቶቼ፣ እናንተ ለመተባበር ሦስት ወር ፈጀባችሁ። እነዚህ ሁለቱ ትናንት ጀመሩ፣ ዛሬ ውኃ ወጣ። ትብብር ማለት ይኸ ካልሆነ የትኛው እንደሆነ አሳዩንና ከሱ እንቅዳ!»

ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። ትብብሩን የጠላ ተብሎ ቀድሞ የሚጻፍበት ማን እንደሚሆን እያሰሉ መሰለኝ።

«በአውራጃው በኩል ትብብርን የሚቃወም የለም» አሉ ግራዝማቹ ጉሮሯቸውን ጠርገው።

«እንዲያውም በመጀመሪያ ያሰብነው እኛ ነን» አለ የከተማው።

«ሃዬ፣ ይሁና!» አለች ሐሊማ፣ ቆርቆሮዋን ወደ ጉድጓዱ እየገፋች። «ክፈት ወንድሙ! ሩዜን ሳይቀምስ የሚሄድ መርማሪ የለም!»

ሩዙ በሰለ። መርማሪዎቹ ሁለት ሁለት ጊዜ አስጨመሩ። ሙሽሪትም ተሞሸረች፣ አማቲቱም የምትለው አጣች።

አለቀ ብላችሁ ነው? መጨረሻውን ለአንድ ጊዜ እንኳ አግኝቼዋለሁና ልንገራችሁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደብዳቤ መጣ። «ትብብሩ የሠመረ ሆኖ ስለተገኘ፣ ለበለጠ ጥበቃ ሦስተኛ ጓጉንቸር እንዲጨመርና ቁልፉ በአመልካቿ እጅ እንዲሆን ተወስኗል።» አመልካቿ እኔ ነኝ! ቁልፉን ከማተቤ ጋር አንጠልጥዬው ስዞር ሰነበትኩ። ለቅሶ ልደርስ ነጠላዬን ስለብስ ሰፈሩ ከሟቹ ይልቅ ለኔ መሄድ ያለቅስ ጀመር።

በኋላ ግን ከዘበኞቹ ጋር ተመካከርንና፣ አሁን ሦስቱም ቁልፎች ሐሊማ ጓዳ፣ አንድ ምስማር ላይ ተሰቅለዋል። የጠማው ይወስዳል፣ ቀድቶ ቆልፎ ይመልሳል። ጉድጓዱ አፍ ላይ በቅሎ የሚያጥብም ጠፍቷል፤ ቁልፍ ስትሰጣችሁ ሐሊማ የምታያችሁን አስተያየት ብታዩት ይገባችኋል። ይህን በጋዜጣ ስትጽፊ አትፈሪም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አልፈራም። አንዱ መሥሪያ ቤት ቢያነበው ለሁለተኛው ይጽፍለታል። ሁለተኛው አስቦ እስኪመልስለት… ሐሊማ የልጅ ልጇን ትድራለች።

ውኃውን ለእኔ ተዪው ብያታለሁ።