ቤቱን አምጡት

ትናንት ሌሊት በሕልሜ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ኡኡ ሲሉ ሰማሁ።

ሸንበቆ በር በምትባለው ትንሽ ከተማችን፣ ከገበያው በላይ ባለው ሜዳ ላይ ቆሜ ነበር። ጭሱ ከሰማይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ወርዶም በየቤቱ ጣሪያ ይገባል። ሕዝቡ ጥላ ዘርግቶ በጭሱ ውስጥ ይሄዳል፣ ያውም የኋሊት። የሚጮኹት የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ብቻ ነበሩ። በጽሕፈት ቤታቸው በር ላይ ተሰልፈው፣ ቆባቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው፣ «የሰው ያለህ! የአገር ያለህ! ድረሱልን!» ይላሉ። ዞር ብሎ ያያቸው ግን አልነበረም። ሰው በለማኝ አጠገብ ሲያልፍ እንደሚያደርገው ሁሉም ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ያልፋቸዋል።

ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ።

«ሃሎ፣ እሳት አደጋ ነን» አለ አንድ የደከመ ድምፅ። «ሽብሩ ወልደየስ ነህ?»

«ነኝ።»

«ምነው እንዲህ ጨከንክብን? ቤትህ ከጠዋት ጀምሮ እየተቃጠለ እኛን እዚህ በብርድ ታስጠብቀናለህ?»

«የኔ ቤት?»

«የአባትህ ቤት። እሳቸውም ውስጥ ናቸው። ደህና ናቸው፣ አታስብ፤ እየተቃጠሉ ነው።»

«ታዲያ ለምን አትመጡም?» አልኩ።

በስልኩ ውስጥ ብዙ ሰው ሳቀ። «እኛ? እኛ እንዴት እንመጣለን? የእናንተ ሰፈር መንገድ እንደሆነ ጠባብ ነው፤ መኪናዋም መሬት ረግጣ አታውቅም። ቤቱን አምጡት።»

«ቤት እንዴት ይመጣል?»

«እንደ በሽተኛ ነዋ፣ በሸክም!» ብሎ ዘጋው።

ሮጥኩ። ግን በሮጥኩ ቁጥር መንገዱ ከእግሬ ሥር ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ፊት ለፊቴ የነበረው ወፍጮ ቤት እየራቀ፣ እየራቀ፣ የክብሪት ቀፎ አከለ። በመጨረሻ ደከመኝና መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ መንገዱ ራሱ እየተጎተተ መጥቶ በራችን ላይ አደረሰኝ።

እሳቱ ከጣሪያው ጀምሮ ቁልቁል ይነዳል። ድምፅ አልነበረውም። እሳት ሲነድ ይንጣጣል፣ ይፎክራል፤ ይህኛው ግን ሰው አየኝ አላየኝ እያለ እንደሚበላ ጾመኛ ዝም ብሎ ያላምጣል። ዝምታው ከነበልባሉ ይበልጥ አስፈራኝ።

አባቴ ያን ቤት ያቆሙት በገዛ እጃቸው ነው። ጭቃውን ራሳቸው ረግጠው፣ ምሰሶውን ከወንዝ ማዶ ራሳቸው ተሸክመው አምጥተው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከዚያ ቤት ወጥተው ሌላ ቦታ አድረው አያውቁም፤ በሠርግም፣ በለቅሶም ቢሆን ማታ ይመለሳሉ። ሁሉ ነገር በተገለበጠበት ሕልም ውስጥ ይህ ብቻ አልተገለበጠም። በመስኮቱ አየኋቸው። አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ጋቢያቸውን ደርበዋል፤ የጋቢው ጫፍ ይነዳል።

«አባባ! ይውጡ!»

«መስኮቱን ዝጋው፤ ብርድ አስገባህብኝ።»

«ቤቱ እየተቃጠለ ነው!»

«የማን ቤት?»

«የእኛ!»

«የእኛ ከሆነማ ማን ያስወጣናል?» አሉና ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ።

በሩን ገፋሁት፤ በሩም መልሶ ገፋኝ። ተነስቼ እንደገና ስገፋው በደረቱ መትቶ ከደጃፉ ጣለኝ። ወድቄ ሳለሁ የውሃ ሻጮቹ ጋሪ ሲመጣ አየሁ። ጋሪውን የሚጎትተው ባለ ጋሪው ነበር፤ አህያዋ ከላይ፣ በቢጫዎቹ ጄሪካኖች መካከል ተቀምጣ፣ የእሳት አደጋ ቆብ ደፍታለች።

«ውሃ!» አልኳት። «በእናትሽ፣ ውሃ!»

«ውሃማ አለ» አለች አህያዋ። «ግን ፈርቷል።»

«ምኑን ነው የሚፈራው?»

«እሳቱን ነዋ። ገና ትናንት ከምንጭ የወጣ ጨቅላ ውሃ ነው። አንተ ብትሆን ትገባለህ?»

አንዱን ጄሪካን ነጥቄ ከፈትኩና ገለበጥኩት። ውሃው ከታች ተጣብቆ ይንቀጠቀጣል እንጂ አልወርድ አለ። ጆሮዬን ወደ አፉ ሳስጠጋ ሲያለቅስ ሰማሁት፤ እንደ ሕፃን፣ ትንፋሹ እየተቆረጠ። ጄሪካኑን ቀስ ብዬ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ውሃ የፈራውን እኔ ምን አደርገዋለሁ?

በዚህ መካከል ጎረቤቶቻችን መጡ። ከፊት የግድግዳ ተጋሪያችን እትዬ አስካለ ናቸው። ሁሉም ለሠርግ እንደተጠራ ሰው ለብሰዋል።

«ምነው ልጄ፣ ቀደም ብለህ አትጠራንም?» አሉኝ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እያሰሩ። «እኛ እኮ ለማጥፋት እንጂ ለመሸከም አንሰንፍም።»

በገጠር የሣር ቤት ክዳን ሲዛወር ወንዶቹ ዙሪያውን ከበው በትከሻቸው እንደሚያነሱት፣ ጎረቤቶቻችን ጎንበስ ብለው ቤቱን ከነግድግዳው ብድግ አደረጉት። እኔም ከሥሩ ገባሁ። ከብዶ ነበር። ክብደቱ ደስ አለኝ፤ የአባቴ አልጋ፣ የአባቴ ሳጥን፣ አባቴ ራሳቸው ትከሻዬ ላይ ይሰሙኝ ነበር።

ጥቂት እንደሄድን ቤቱ ይቀል ጀመር።

«ተመስገን፣ ቀለለ!» አሉ እትዬ አስካለ።

«ቀለለ! ቀለለ!» አሉ ሁሉም፣ እየሳቁ ርምጃቸውን አፈጠኑ።

ለምን እንደቀለለ የገባው ለእኔ ብቻ ነበር። እያለቀ ነው። መጀመሪያ ሳጥኑ ከትከሻዬ ላይ ጎደለ፤ ከዚያ የአልጋው እግሮች፣ አንድ በአንድ።

«አባባ!» ብዬ ወደ ላይ ጮኽኩ።

«ምንድን ነው የሚያስጮኽህ?» አሉ ከላይ፣ በሙሉ ድምፃቸው።

ወፍጮ ቤቱን አለፍን። ቤቱ ደግሞ ቀለለ።

«አባባ!»

«እ?» አሉ። ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ሆኗል።

ድልድዩን ተሻገርን።

«አባባ!»

የሆነ ነገር አሉ፤ ከንብ ድምፅ አይበልጥም።

«ኧረ ቀስ በሉ!» አልኩ። «አባቴን እያናወጣችኋቸው ነው!»

«አትስጋ ልጄ» አሉኝ እትዬ አስካለ፣ በርኅራኄ። «ከእንግዲህ የሚናወጥ ብዙም አልቀረም።»

እሳት አደጋ ጽሕፈት ቤቱ ስንደርስ ሰልፍ አለ። ሰዎች ቤቶቻቸውን ተሸክመው ከበሩ እስከ ሜዳው ተሰልፈዋል። ከፊታችን ያለው ሰውዬ የተሸከመው ቤት አዲስ፣ ቀለሙ ያልደረቀ፣ ጭስ የሚባል የማያውቅ ቤት ነው።

«ወንድሜ፣ ያንተ አልተቃጠለም» አልኩት። «በፈጠረህ አስቀድመኝ።»

«የኔ ለከርሞ ነው» አለ። «ያን ጊዜ ሰው ይበዛል ብዬ ከአሁኑ ተራ መያዜ ነው።»

«አባቴ ውስጥ ናቸው!»

«የኔም ልጆች ውስጥ ናቸው። ሳልጮህ ቆሜ የለም እንዴ?»

በመስኮቱ ልጆቹ እጃቸውን አውለበለቡልኝ። ትከሻው ላይ ያለውን ሳያስነካ ወደ ጎን ቀልበስ አለና አሳለፈን። «ብቻ ከርሞ እንድትመልስልኝ» አለ።

ቀይዋ መኪና ሰፊ አልጋ ላይ ተኝታለች። ብርድ ልብስ አልብሰዋታል፤ ሁለት ሠራተኞች ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ ያደርጉላታል። ከራስጌዋ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ ጓንጉል፣ ጫማቸውን አውልቀው ተቀምጠዋል። በስልክ የሰማሁት ድምፅ የእሳቸው ነበር።

«ዝግ ብለህ ተናገር» አሉኝ። «ገና አሁን ነው ዓይኗን የከደነችው።»

«እባክዎ፣ አባቴ እያለቁ ነው።»

«እሳቱ ለመጥፋት ተስማምቷል?»

«እሳት ይጠየቃል እንዴ?»

«ሳይጠየቅ የጠፋ እሳት ቂም ይይዛል» አሉ። ተነስተው በካልሲያቸው ወደ ቤቱ ተጠጉና እንደ ጨዋ እንግዳ ግድግዳውን አንኳኩ። «ቤቶች!»

«ማነው?» የሚል መልስ ከውስጥ መጣ።

የአባቴ ድምፅ ነበር። ወፍራም፣ ሙሉ፣ ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሱ የሚያወጡት ድምፅ። «አሉ! ይኸው አሉ!» ብዬ በደስታ ጮኽኩ።

«ማነው?» አለ ከጎኑ ሌላ ድምፅ። እሱም የአባቴ ነበር። ሁለቱም አንድ ላይ ኡሁ ኡሁ ብለው ሳሉ፤ ሳላቸውም አንድ ነው።

ሃምሳ አለቃ ጓንጉል ራሳቸውን ነቀነቁ። «አየህ፣ ሁለት ናቸው። አንዱ አባትህ ነው፣ አንዱ እሳቱ። እኛ የምናጠፋው አንዱን ብቻ ነው። የቱን?»

«እሳቱን ነዋ!»

«የቱ ነው እሳቱ?»

«አባባ፣ እርስዎ ነዎት?» አልኩ።

«እኔ ነኝ» አሉ ሁለቱም።

«እኔስ ማን ነኝ?»

«ሽብሩ» አለ አንደኛው ወዲያው። «ሽብሩ» አለ ሁለተኛው ቆየት ብሎ።

አባቴ ካረጁ ወዲህ ስሜን ፈልገው እስኪያገኙት ይዘገያሉ። እሳት ደግሞ ችኩል ነው። ስለዚህ የዘገየው አባቴ ነው፤ ግን እሳቱ ይህን እንደማስብ ቢያውቅስ? አባቴን እየበላ የቆየ እሳት አባቴ የሚያውቁትን ሁሉ አያውቅም?

«ቶሎ በል» አሉ ሃምሳ አለቃው። «መኪናዋ ተገላበጠች፤ ከነቃች ሥራ የለም።»

ጎረቤቶቼን ለምክር ፈለግኳቸው። አንድ በአንድ ትከሻቸውን አውጥተው ሄደዋል። እትዬ አስካለም በሩቁ፣ ነጠላቸውን እያራገፉ፣ የኋሊት ይሄዳሉ። ቤቱን የተሸከምኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ክብደቱም ከባዶ ቅርጫት አይበልጥም።

«የቱን?»

እጄን አነሳሁ። ጣቴ ወደ አንዱ ድምፅ ጠቆመ።

ከራሴ በላይ አንድ ነገር ጓ ብሎ ተገነጠለ፤ ነቃሁ።

አልጋዬ ላይ ነኝ። እየነጋጋ ነው። ጣሪያው መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ሰማይ ይታየኛል፤ በሰማዩና በእኔ መካከል ሁለት እግሮች ተንጠልጥለዋል። የሰፈራችን አናጢ ታፈረ፣ በብረት ቆርቆሮውን እየፈነቀለ ይጥላል።

«ኧረ ሰው አለ!» ብሎ ጮኸ ቁልቁል ሲያየኝ። «ሽብሩ እኮ እዚህ ተጋድሟል! ወጥቷል ያለው ማነው?»

«ምን እያደረግህ ነው አንተ?»

«ውጣ፣ ውጣ! ከዳቦ ቤቱ የተነሳው እሳት እትዬ አስካለ ቤት ደርሷል። እዚህ ላይ ቤት አፍርሰን ካልቆረጥነው እስከ ገበያው ጠራርጎ ይሄዳል።»

«እሳት አደጋስ?»

«ከዞኑ ከተማ ተነስተዋል ይላሉ። ነዳጅ ማደያ ጋ ቆመዋልም ይላሉ።»

ወደ አባቴ ክፍል ሮጥኩ። አልጋቸው ባዶ ነበር። በባዶ እግሬ ወደ ውጭ ወጣሁ። የእትዬ አስካለ ጣሪያ ይንጣጣል፤ እሳቸው ትንሽ ራቅ ብለው ያወጧት አንዲት ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ወንዶቹ በቤታችን ማዕዘን ገመድ አስረዋል። አባቴ ከመንገዱ ማዶ፣ ሰው ባወጣላቸው ወንበር ላይ ሆነው በከዘራቸው እየጠቆሙ ያዛሉ።

«እሱ ምሰሶ ወይራ ነው፣ ምስጥ እንኳ አልቻለውም! ሥሩን ቆፍሩለት!»

«አባባ! ማን አስወጣዎት?»

«ማን ያስወጣኛል? ራሴ ወጣሁ። የእኔን አፍርሱ ያልኳቸውም ራሴ ነኝ።» ዓይናቸውን ከቤቱ ላይ አላነሱም። «አንተ ቀድመህ የወጣህ መስሎኝ ነው። በል ቆመህ አትየኝ፤ ገመዱ ላይ ሰው አንሷል።»

ሄጄ ገመዱን ያዝኩ። ታፈረ ከጣሪያው ዘሎ ወርዶ ከኋላዬ ቆመ። «አንድ ላይ!» አለ፤ ሳብን። ቤቱ ተንቃቃ እንጂ ከቦታው አልነቃነቅ አለ።

«እኔ እኮ ነኝ የሠራሁት» አሉ አባቴ ከማዶ። «በርታ ብላችሁ ሳቡ።»