ዐሥራ አምስተኛዋ እንቁራሪት

ትናንት ያየሁት ሕልም በሌሊት የታየ አይደለም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በሥራ ገበታዬ፣ ሃምሳ ሁለት ተማሪዎች እያዩኝ ያየሁት ነው። ምሳዬ አንድ ዳቦና ውኃ ብቻ ስለ ነበረ በጥጋብ አላመካኝም። የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ከትምህርት ቤታችን በታች፣ በጅረቱ ዳር አካሄድነው ያሉትን የመስክ ጥናት በቡድን በቡድን እየወጡ ያቀርቡ ነበር። እኔም ኅዳጉ በትክክል ያልተሰመረ ዘገባ እንዳያመልጠኝ ማስመሪያዬን ይዤ ተቀምጬ ነበር። ሦስተኛው ቡድን «የጥናቱ ዓላማ» ብሎ ሲጀምር ዐይኔ ተከደነ።

ወዲያው፣ ሲደውል የኖረው የትምህርት ቤቱ ደወል ዝም አለ፤ እኛም ዝምታውን ሰምተን ተሰለፍን። መምህራን ሁላችን ቁምጣና ሰማያዊ ሹራብ ለብሰን በቁመታችን ተራ ቆመናል። ጥፍራችንን የሚመረምረው አንድ ዋርካ ነበር። ሁለት ቅርንጫፎቹን ወደ ኋላ አጣምሮ በሰልፉ መካከል እየተመላለሰ፣ ጥፍሩ ያደገበትን መምህር በቅጠል መታ ያደርገዋል። ርእሰ መምህራችን አቶ ልሳኑ አርፍደው በመምጣታቸው በአጥሩ ሥር ተንበርክከዋል።

«አቶ ልሳኑ፣ ምን ሆነው ነው?» አልኋቸው በሹክሹክታ።

«ዝም በል፣ ወላጅ አምጣ ተብያለሁ» አሉኝ። «የሰማንያ ዓመት አሮጊት እናቴን እንዴት አድርጌ ላምጣት? ደግሞ ብትመጣ ከዋርካው ጋር ተባብራ ነው የምትገርፈኝ።»

ይህን ስንነጋገር ሣሩ በላያችን ላይ እየተራመደ አለፈ። በግቢው መካከል «ሰው መርገጥ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ተተክሎ ነበር፤ ሣሩ ግን እያነበበው ረገጠን። ከዚያም ደወሉ እንደ ገና መጮህ ጀመረና ወደ ክፍል ገባን።

በክፍሉ ጣሪያው ከታች፣ ወለሉ ከላይ ነበር። አምፖሉን እንዳንሰብር እየተጠነቀቅን በጣሪያው ላይ ተቀመጥን። አቶ ልሳኑ እንደ ተንበረከኩ ገብተው ከአጠገቤ ሆኑ። ከፊት ለፊታችን በፈታኝነት የተሰየመው አንድ ሽመላ ነበር። መነጽሩን በአፍንጫው ላይ ማድረግ ስላልሆነለት በጉልበቱ ላይ አድርጎታል፤ ማንበብ ሲያስፈልገው እግሩን ያነሣል።

«የዛሬው የመስክ ጥናት በመምህራን ላይ የተካሄደ ነው» አለ ሽመላው። «አቅራቢዎቹ ይውጡ።»

እንቁራሪቶች እየዘለሉ ወጡ። መሪያቸው ሰፊ፣ ኩሩ፣ የልጆች እናት የሆነች እንቁራሪት ነበረች። በአንገት ልብሷ ጫፍ አንድ ነገር ቋጥራለች፤ ቋጠሮው ይንቀሳቀሳል። በሸንበቆ ዘንግ ሰሌዳውን እየነካች ማቅረብ ጀመረች፤ ቅርጹን በጠበቀ አቀራረብ፣ አንድም ንኡስ ርእስ ሳትዘልል። ደስ አለኝ።

«ርእስ፦ መምህር ዐይን አለውን?» አለች። «መላምት፦ አለው። ዘዴ፦ አንድ መምህር መርጠን አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በሆነ ገመድ ከለልነው። ከፊቱ ሕይወት ያለው ነገር አስቀመጥን። አርባ ደቂቃም ተመለከትነው።»

«ውጤቱስ?» አለ ሽመላው።

«የስም መጥሪያውን ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ አየ። የደብተር ኅዳግ ሠላሳ አንድ ጊዜ ለካ። ሕይወት ያለውን ነገር አላየም። በመካከሉ አንድ ጊዜ አስነጥሶታል፤ ይህን ግን ዐቅዶ ስላላደረገው አልመዘገብነውም።»

«መደምደሚያ?»

«መምህር ዐይን አለው። ጥቅሙ ግን ገና አልታወቀም።»

ወንበሮቹ በሣቅ ተንከባለሉ። ዋርካው እንኳ ከመስኮቱ ውጭ ሆኖ እየሣቀ ፍሬ አራገፈ። እኔም ተነሣሁ።

«እቃወማለሁ! ናሙናው አንድ ሰው ብቻ ነው። ከአንድ ሰው ተነሥቶ ስለ መምህራን ሁሉ መደምደም አይቻልም።»

«አንተ ልጅ፣ እጅህን ሳታወጣ አትናገር» አለኝ ሽመላው። እጄን አወጣሁ። «አሁን ደግሞ ተቀመጥ።»

እናት እንቁራሪት ግን ዘንጓን ወደ እኔ አነጣጠረች። «አይቀመጥ፤ ናሙናው እርሱ ራሱ ነው። እስቲ እንጠይቀው። ወደዚህ ትምህርት ቤት በመጣህበት ዓመት፣ ለተማሪዎችህ አርኣያ የሚሆን ዘገባ በሰሌዳ ላይ አልጻፍህምን? 'በጅረቱ ዐሥራ አራት እንቁራሪቶች ተገኝተዋል' አላልህምን?»

«ብያለሁ። በየዓመቱም እጽፈዋለሁ።»

«ቈጥረኸን ነበር?»

«የዘገባውን ቅርጽ ለማሳየት ነው እንጂ» አልሁ። «ቍጥሩ ለምሳሌ ያህል የተነገረ ነው።»

«ስሙልኝ! ለምሳሌ ያህል ነው ይላል!» አለች ወደ ጓደኞቿ ዞራ። «እኛ በእርሱ ምሳሌ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ኖርንበት! ተማሪው ሁሉ እየገለበጠ ዐሥራ አራት፣ ዐሥራ አራት ሲል፣ ከዐሥራ አራት መብለጥም መጕደልም ተከለከልን። ባሌ ሞቶ ከተቀበረ በኋላ 'ቍጥር ጐደለ፤ ተመለስ' ተባለ።»

«እውነቷን ነው» አለ ከኋላዋ የቆመው ባሏ። «ለቅሶዬ ላይ ንፍሮ በልቼ ነው የመጣሁት።»

እናቲቱ ቋጠሮዋን ፈታች። ባቄላ የምታህል እንቁራሪት ብቅ አለች።

«ይህቺ ልጄ ዐሥራ አምስተኛ ናት» አለች፤ ድምፅዋም ዝቅ አለ። «ዛሬ ደወሉ ዝም ሲል ይህ ጉባኤ ይበተናል፤ የቍጥራችን መዝገብም ይታሸጋል። በመዝገቡ ያልገባ አልተፈጠረም ማለት ነው። እስካሁን ደብቄአታለሁ። ከዛሬ በኋላ ግን የምደብቃት ልጅ አትኖረኝም።»

ትንሿ እንቁራሪት አንጋጣ አየችኝ። «አባባ፣ እኔ አለሁ?»

«አለሽ እንጂ፤ እያየሁሽ አይደለም?»

«ታዲያ ጻፈኛ!»

ጠመኔ አነሣሁ። ዐሥራ አምስት ልጽፍ እጄን ስሰነዝር ጠመኔው ዐሥራ አራት ጻፈ። አጠፋሁት። ደግሞ ዐሥራ አራት ጻፈ። በግራ እጄ ሞከርሁ፤ በግራ እጄም ያው ዐሥራ አራት ሆነ፤ እንዲያውም ጽሕፈቱ አማረ። ቢጨንቀኝ አንገቴን አስግጌ ወደ አቶ ልሳኑ ወረቀት አየሁ። እርሳቸውም አንገታቸውን አስግገው ወደ እኔ ሰሌዳ ያያሉ።

«ክንድህን አንሣልኝ እንጂ፣ አይታየኝም» አሉ።

«እኔ እኮ የእርስዎን ልገለብጥ ነው።»

«የእኔ ካንተ የተገለበጠ ነው።»

«ታዲያ ዋናው የማን ነው?»

«አሁን ይህ ይጠየቃል?» አሉ ተቈጥተው። «ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ሽመላው እግሩን አንሥቶ በመነጽሩ አየኝ። «ያልቈጠረ እጅ የሚጽፈው የለመደውን ነው» አለ። «ወደ ጅረቱ ውረድና ቍጠር። ደወሉ ዝም እስኪል ጊዜ አለህ።»

ትንሿን እንቁራሪት በትከሻዬ አስቀምጬ በመስኮት ወጣሁ። ጅረቱ እንደ መሰላል ቀጥ ብሎ ቆሞ ወደ ሰማይ ይፈስሳል። ወደ ጅረቱ መውረድ ማለት በዚያ አገር ሽቅብ መውጣት ነበር። ጫማዬን አወለቅሁ፤ ጫማዎቼም ወደ ክፍል ተመልሰው በቦታዬ ቆሙ። ስሜ ሲጠራ «አለሁ!» ሲሉ ከሩቅ ሰማኋቸው። ከእኔ ይልቅ ጥርት ያለ ድምፅ ነበራቸው።

እንቁራሪቶቹ ከእኔ ቀድመው ጅረቱን ሞልተውታል። አንዱም አንድ ቦታ አይቆምም።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት…» አልሁ።

«እኔን ሁለት ጊዜ ቈጠርኸኝ!»

«ይቅርታ፣ እመቤት፣ መልካችሁ ተመሳስሎብኝ ነው።»

«ምን እመቤት ትለኛለህ? ወንድ ነኝ!»

«እኔንስ አትቍጠረኝ» አለች ሌላዋ፤ «ለሠርግ የመጣሁ እንግዳ ነኝ።»

«ሙሽራዋ የታለች?»

«ሰባት ብለህ የረገጥሃት!»

ሙሽራዋን ይቅርታ ጠይቄ ከአንድ ጀመርሁ። ዳግመኛ ተሳሳትሁ፤ ዳግመኛም ጀመርሁ። ቁምጣዬ ራሰ፤ ጭቃው እስከ ጕልበቴ ደረሰ፤ እኔም መሣቅ ጀመርሁ። ልብሱን በጭቃ ያበላሸ ተማሪ ከክፍል የማስወጣ ሰው ነኝ፤ ሣቄን ግን ማቆም አልቻልሁም። የእንቁራሪት ዐይን ዙሪያው ወርቃማ ቀለበት እንዳለው አየሁ። ዝም ብላ ስትቀመጥም ጕሮሮዋ እንደሚመታ አየሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማርሁት ስለ ምን እንደ ነበረ ለጊዜው ጠፋኝ።

«ዘዴ ያስፈልገናል፤ ደወሉ እየደከመ ነው» አለች ትንሿ በጆሮዬ።

በኪሴ የቀረውን ጠመኔ አወጣሁ። የቈጠርኋትን ሁሉ ጀርባዋን ነካ እያደረግሁ ምልክት አደረግሁባት። «ይኮረኵራል!» እያሉ ይንጫጫሉ፤ ግን ቆሙልኝ። ዐሥራ አንድ አልሁ፤ ዐሥራ ሁለት፤ ዐሥራ ሦስት። ከዚያ የሞተው ባል ቀረበ።

«እርስዎ ሞተዋል ወይስ አልሞቱም?» አልሁት።

«በዘገባው አልሞትሁም።»

«በእውነቱስ?»

«በእውነቱ እንዴት እንደሆንሁ ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም» አለ፤ ዐይኑም እንባ አቀረረ። ጀርባውን ነካ አደረግሁት። ዐሥራ አራት።

የደወሉ ድምፅ እንደ ትንኝ ቀጥኖ ነበር። ከመስኮቱ ሽመላው እስከ ወገቡ ወጥቶ ያየኛል። አቶ ልሳኑ መንበርከካቸውን ረስተው እየዘለሉ «በል! በል እንጂ!» ይላሉ። እናቲቱ ግን አትጮህም፤ ዐይኗን ጨፍናለች።

ትንሿ እንቁራሪት ከትከሻዬ ወደ መዳፌ ዘለለች። ቀዝቃዛ ነበረች፤ ከሥሯም የልቧ ትርታ መዳፌን ይመታው ነበር።

«አሁን የእኔ ተራ ነው» አለች።

አፌን ከፈትሁ። «ዐሥራ…»

ጭብጨባ ቀሰቀሰኝ።

የሦስተኛው ቡድን መሪ ሩሐማ የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር አንብባ እጅ ትነሣ ነበር። «በዚህም መሠረት በጅረቱ ዐሥራ አራት እንቁራሪቶች ተገኝተዋል። አመሰግናለሁ።»

«ዐሥራ አምስት!» ብዬ ጮኽሁ። ክፍሉ በሣቅ ተናወጠ። አልተቈጣሁም፤ ደስታው ገና አልለቀቀኝም ነበር። «ተነሡ! ደብተራችሁን ያዙ። አሁኑኑ ሁላችን ወደ ጅረቱ እንወርዳለን፤ እኔ ራሴ እቈጥራለሁ።»

ማንም አልተነሣም።

«ቲቸር፣ የቱ ጅረት?» አለች ሩሐማ።

«ያጠናችሁት ነዋ!»

ወደ ጓደኞቿ ዞር አለች፤ አንዳቸውም አላገዟትም። «ቲቸር፣ ጅረቱ እኮ ካቻምና ተደፍኗል። አሁን ባጃጅ ተራ ሆኗል።»

«ታዲያ ዐሥራ አራቱን እንቁራሪቶች የት አያችኋቸው?»

«እርስዎ ሰሌዳ ላይ ሲጽፏቸው።»

መሳቢያዬን ከፍቼ የአምናውን የዘገባ ጥራዝ አወጣሁና አንድ በአንድ ገለጥሁ። ዐሥራ አራት፣ ሙሉ ውጤት። ዐሥራ አራት፣ ሙሉ ውጤት። ከጥራዙ ሥር ይኄይስ ደምለው የተባለ ተማሪ የጻፈው ግማሽ ገጽ ነበር፦ «ወደ ስፍራው ሦስት ቀን ሄጃለሁ። እንቁራሪት አላየሁም። ጅረቱንም አላየሁም።» ከሥሩ ዜሮ አለ፤ ከዜሮው አጠገብም በራሴ ጽሕፈት፣ በቀይ ቀለም፣ እንዲህ ተጽፏል፦ «ሰነፍ ነው፤ ወደ መስክ አልወጣም።»