ኦቦ ከድርና የአተሬ ጠባቂዎች

ምክር የማያልቅበት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ ሮቤ ኑ፤ ጎረቤቴን ኦቦ ከድርን በነጻ አስተዋውቃችኋለሁ። ፋርማሲ መድኃኒት ሊያልቅበት ይችላል፤ እሳቸው ግን መላ አያልቅባቸውም።

በቀደም ጓሮዬ የዘራሁትን አተር አይጥ እየቆፈረች ስትለቅመው አዩና በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ! በል የአተሩ መደብ ላይ አመድ በትንበት፤ አይጥ አመድ አትወድም። ድመቴንም አውስሃለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩና እንደገና ዘርቼ አመድ ነሰነስኩ፤ ድመቷንም ተቀበልኩ።

እስቲ ፍረዱኝ! ለስላሳ አፈር ላይ አመድ ተነስንሶ ያገኘች ድመት ምን ታደርጋለች? አይጥ ትጠብቃለች? መጸዳጃ ቤት የተሠራላት መስሏት መደቡን ከዳር እስከ ዳር ቆፈረችው።

«ኦቦ ከድር፣ ድመትዎ አተሬን ጨረሰችው እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

እሳቸው ረጋ ብለው፣ «ለመሆኑ አይጥ አንድ ፍሬ ነካች?» አሉኝ።

«ምን ተርፎ ትነካለች?»

«አልሐምዱሊላህ! የአይጧ ነገር አለቀ ማለት ነው። ለድመቷ ደግሞ ውሻ እፈልግልሃለሁ።»

ሽማግሌን እምቢ ማለት ይቻላል? ውሻውም መጣ። ዛሬ ድመቷ ጣሪያዬ ላይ፣ ውሻው መደቤ ላይ ተኝተው ይውላሉ፤ እኔም አተር ከገበያ እገዛለሁ። አይጧስ? የውሻውን ትራፊ እየበላች ወፍራለች።

ትናንት ኦቦ ከድር በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው አዩዋትና ፊታቸው በራ።

«ማሻአላህ! አየህ፣ አተርህን ተወችው።»