የንቦቹ ጠበቃ ከሁለተኛ ፎቅ

በየሕንፃው ማንም ሳይወክለው ጥብቅና የሚቆም አንድ ሰው አይጠፋም። አንዱ ለደረጃ መብራት፣ ሌላው ለመኪና ማቆሚያ ሲሟገት ፀጉሩ ይሸብታል። ለእኛ የደረሱን ግን ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ አዋላጅ፣ ክብርት የንቦች ባለሙሉ ሥልጣን ጠበቃ ናቸው። በሐሜት «እትዬ ንብ» እንላቸው ነበር። በኋላ ራሳቸው ስልክ ሲያነሱ «ንብ ነኝ፣ ማን ልበል?» ማለት ጀመሩና ሐሜቱ ጣዕም አጣ።

መፈክራቸው አንድ ነው፦ «እነሱ ባይኖሩ ምን ልትበላ ነበር?» ቲማቲም የያዘ ሰው ደረጃ ላይ ካገኙ አይለቁትም። ማንጎ የያዘማ አለቀለት፤ ቤቱ የሚገባው ማንጎው እጁ ላይ በስሎ ነው።

አንድ ቀን ሦስተኛ ፎቅ ያለው ልብስ ሰፊ ጋዜጣ ጠቅልሎ ንብ ሲያሳድድ ደረሱበት።

«አስቀምጥ!»

«ልትነድፈኝ ነው እኮ፣ እትዬ!»

«አንተን? አበባ የመሰልካት ይመስልሃል?»

አምና የሕንፃው ኮሚቴ ግቢውን መድኃኒት አስረጨ። በየበረንዳው የተከልነው ዱባ አብቦ አብቦ፣ አንድም ፍሬ ሳይዝ ረገፈ። ቀጥሎ ሲያብብ እትዬ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት፣ የኩል ብሩሽ ይዘው በሬን አንኳኩ።

«ወንዱ አበባ ልብስ ሰፊው ጋ ነው፣ ሴቷ አንተ ጋ። ንቦቹን ፈጃችሁ፤ እንግዲህ የምመላለሰው እኔ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳዋልድ ኖሬ፣ በስተርጅና ማስረገዝ ልጀምር!»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«ንቧ ብቻ መሰለችህ? ቢራቢሮውም ጥንዚዛውም ሥራ አለው። እነሱ ከሄዱ አበባው ዘር አይዝም። ዘር ከሌለ ወፉ ይሄዳል። በመጨረሻ አንተና ኮሚቴው ትቀራላችሁ።»

ያስፈራኝ የመጨረሻው ነው።

ዘንድሮ ዓይናቸውን ታክመው ልጃቸው ቤት ሲያገግሙ፣ የንብ መንጋ መጥቶ ግቢው ውስጥ ካለው ሎሚ ላይ እንደ ጺም ተንጠለጠለ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ወዲያው መድኃኒት ረጪ ጠራ። ሰውዬው በርሜሉን አዝሎ ሲገባ መስኮት ልዘጋ ተነሣሁ። ንብ ሳይ ሮጬ የምገባ ሰው ነኝ። ግን እትዬ ሲመለሱ ከሎሚው ሥር የሚጠብቃቸው የሞተ ንብ ክምር ታየኝ። ራሴን ያገኘሁት ዛፉና ረጪው መሀል ነው።

«ቤት እየፈለጉ ነው!» አልኩ፤ ቃሉ የእሳቸው፣ የሚንቀጠቀጠው ድምፅ የእኔ። «እስኪያገኙ ነው ያረፉት፤ ብዙ አይቆዩም። እናንተ ቤት ፈልጋችሁ አታውቁም?»

ግቢው ውስጥ የቆመው ሁሉ ተከራይ ነው።

«እኔስ ካቻምና ቤት ስፈልግ አበሳዬን አይቻለሁ» አለ ልብስ ሰፊው፣ ጎኔ መጥቶ እየቆመ።

«ልርጭ ወይስ አልርጭ?» ረጪው ሰለቸው።

ሊቀ መንበሩ አንገቱን አከከ። «እስከ ነገ ይሁን።»

በማግስቱ ፀሐይ ስትሞቅ መንጋው ተነሥቶ በጣሪያው ላይ አልፎ ሄደ። ከዚያ በፊት ግን አንዷ ጆሮዬን አግኝታው ነበር። ለእትዬ ደወልኩላቸው። ጀብዱዬን ከነጆሮዬ ተረክሁላቸው።

«ውይ፣ በሞትኩት!» አሉ። ልቤ ሞቀ። «ምስኪን! ከነደፈች እኮ አትተርፍም።»

ስልኩን ካበጠው ጆሮዬ ወደ ደህናው አዛወርኩ። እሳቸው ከሄዱ ወዲህ ቲማቲሜን ይዤ ደረጃውን ስወጣ የሚያስቆመኝ ሰው የለም፤ ይህን ግን አልነገርኳቸውም።

«እትዬ፣ መቼ ነው የሚመጡት?» አልኩ። «ዱባው አብቧል።»