ለዳኘው የተላከ ሽማግሌ

አበሻ በሰፈረበት ከተማ ሁሉ አንድ የቀድሞ ኳስ ተጫዋች አይጠፋም። ሠርግ ላይ ከጎናችሁ ይቀመጥና ሳትጠይቁት ሱሪውን ሰብስቦ ጉልበቱን ያሳያችኋል። "ይቺ ጉልበት ባትከዳኝ ኖሮ…" ይላል። የትኛው ክለብ ሊወስደው እንደነበር፣ የትኛው አሰልጣኝ እንዳለቀሰለት ይተርካል። እስቲ ፎቶ አሳየን ስትሉት ግን ፎቶው አገር ቤት ቀርቷል።

የአትላንታው የኛ ሰው፣ ክቡር አቶ ዳኘው፣ ከነዚህ የሚለየው ፎቶ ስላለው ነው። ዶራቪል ባለው የኢንሹራንስ ቢሮው ግድግዳ ላይ አሥራ አንድ ፎቶ ሰቅሏል። በሁሉም ላይ ሄልሜት አድርጓል፤ በዘጠኙ ላይ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የኛን እግር ኳስ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካኖቹን ፉትቦል ነው የተጫወተው፣ ያውም በኮሌጅ። በአሥራ አራት ዓመቱ ከአገሩ መጥቶ ሃይስኩል ሲገባ አንድ አሰልጣኝ ኳስ አመታቱን አይቶ ኪከር አደረገው። ኪከር ማለት ሌላው ሲጋጭና ሲፈነካከት ውሎ፣ እሱ በንጹሕ ልብሱ ገብቶ ኳሷን በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ልኮ የሚወጣ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሥራ እኔም ባገኝ አልጠላም።

የመኪናዬን ኢንሹራንስ ላድስ ብላችሁ ከገባችሁ የአርባ አንድ ያርዷን ምት ሳትሰሙ አትወጡም። ዝናብ ነበር። ንፋስ ነበር። ንፋሱ በየዓመቱ እየጠነከረ ሄዶ ዘንድሮ ዛፍ መንቀል ጀምሯል። "እና ገባች?" ስትሉት ዓይኑን ጨፍኖ "መሀል ለመሀል!" ይላል። ውጤቱስ ስንት ለስንት ነበር ካላችሁት ግን ያኔውኑ ስልክ ይመጣበታል።

በዚህ ሰውዬ ጦስ ነው እኛ ስምንት የቤተ ክርስቲያን ወዳጆቹ የዚያ ኮሌጅ ደጋፊ የሆንነው። አንዳችንም እዚያ አልተማርንም። ደጃፉን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱም መንገድ ጠፍቶኝ ነው። ሆኖም ቅዳሜ ቅዳሜ ማሪዬታ ባለው ቤቱ ምድር ቤት፣ ቤዝመንቱ ውስጥ ተሰብስበን፣ እሱ በገዛልን ብርቱካንማ ቲሸርት እንቃጠላለን።

ዘንድሮ ቡድኑ ሰባት ጊዜ ተጫውቶ ሰባቴ ተሸነፈ። ዳኘውም እኛን ማጽናናት ሥራዬ ብሎ ያዘ። ሰኞ ጠዋት ይደውላል። "አይዟችሁ፣ ልጆቹ እየበሰሉ ነው!" እኔማ ሳያርሩ አልቀሩም ባይ ነኝ። ማክሰኞ በስልክ ግሩፓችን ላይ የሃያ ደቂቃ የድምፅ መልእክት ይለቃል። አንድ እሁድ ጭራሽ በምስክርነት ሰዓት ተነስቶ ማይኩን ጨበጠና፣ "ቅዱሳን፣ ጌታ ይባረክ! የወደቀ ሰው ወድቆ አይቀርም!" አለ። ጉባኤው "አሜን!" አለ። ስለ ሁለተኛው ኳርተር መከላከል መዘርዘር ሲጀምር ግን ወይዘሮ ገበያነሽ ከፊት ወንበር ዘወር ብለው፣ "ልጄ ዳኘው፣ ይሄን በጸሎት ያዘውና ቁጭ በል" አሉት። ቁጭ አለ፤ በጸሎትም ያዘው።

ከሰባተኛው ሽንፈት በኋላ ሰው ሁሉ አንገሸገሸው። ከስምንታችን አንዷ፣ ነርሷ ፍቅርተ፣ ዳኘው የሌለበት ሌላ ግሩፕ ከፈተችና፣ "በሳምንት አንድ ኦፍ ነው ያለኝ። እሱንም ስሸነፍ አልውልም። ከነገ ጀምሮ ሁሌ የሚያሸንፈውን ቡድን እኔ ቤት፣ ስማይርና፣ እናያለን" አለች። ሁሉም አውራ ጣት ላከ። ማን ይንገረው? ዝም ብሎ መቅረት ነውር ነው፣ በወጉ ሽማግሌ ይላክ ተባለ። ሽማግሌው እኔ ሆንኩ፤ ራሰ በራ በመሆኔ መሰለኝ።

የዚያኑ ዕለት፣ ዓርብ ከሥራ እንደወጣሁ፣ ዳኘው ቤት በራፍ ላይ ፓርክ አድርጌ ንግግሬን ሦስት ጊዜ ተለማመድኩ። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፤ ደንብ ነው። ቤዝመንት ወርጄ ቆምኩ። ዳኘው በጨርቅ ስምንቱን ወንበር አንድ በአንድ እየወለወለ ነበር።

"ቁጭ በል እንጂ፣ ለገሰ!"

"አልቀመጥም። ተልኬ ነው የመጣሁት።"

"ምነው፣ በደህና? ሰው ታመመ እንዴ?"

"ኧረ ሰው ደህና ነው። ስለ ቅዳሜው ነው…"

ዳኘው ወንበሮቹን አየ፤ እኔን አየ። "አትመጡም ማለት ነው" አለ።

አፈርኩ።

"ያቺን ምቴን ታውቃታለህ አይደል?"

"ጎረቤቴም ያውቃታል።"

"ውጤቱን ግን ነግሬህ አላውቅም። ሠላሳ ስምንት ለዜሮ እየተመራን ነበር። ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሲቀረው፣ ዋናው ኪከር ጫማውን አውልቆ ስለነበር እኔን አስገቡኝ። በአራት ዓመት ውስጥ የመታሁት እሷን ብቻ ነው። ሰው ወጥቶ አልቋል፣ ስታዲየሙ ወና ነው። ከላይ አንድ ሰውዬ 'በርታ የኔ ልጅ!' ብሎ ጮኸ። በአማርኛ! ቢጫ ሰደርያ የለበሰ የፓርኪንግ ሠራተኛ ነው፤ ዝናቡ ይወርድበታል። ሳስገባት ብቻውን ዘለለ። ላመሰግነው ብሮጥ አጣሁት። ስሙን እስከ ዛሬ አላውቀውም።"

ጨርቁን አጠፈ። "ልጆቹ ቀና ሲሉ ሰው እንዳያጡ ብዬ ነው የምለምናችሁ።"

"ዳኘው፣ እኛ እኮ በቴሌቪዥን ነው የምናየው። አያዩንም።"

"እሱማ አውቃለሁ" አለ፤ ዓይኑ ሞልቷል። "እኔ ግን አያችኋለሁ።"

ሽማግሌው ቁጭ አለ። ምን ላድርግ፣ ይሄን ነዝናዛ እወደዋለሁ!

ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ለፍቅርተ ደውዬ ሁሉን ነገርኳት። "ሽማግሌ ብሎ አንተን የላከ!" ብላ ዘጋችብኝ።

በነጋታው ስምንታችንም ተገኘን። ቡድኑ ለይሉኝታ እንኳ አልተሻሻለም፤ አራተኛውና የመጨረሻው ኳርተር ላይ ሠላሳ አንድ ለሰባት እየተመራን ነበር። ፍቅርተ ትራፊክ ሳይበዛ ልሂድ ብላ ቁልፏን አንስታ ተነሳች። ዳኘው አይቷታል። ካሜራው ወደ ተመልካቹ ሲዞር ባዶ ወንበር ብቻ ታየ።

ፍቅርተ ቁልፏን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ከተተች፣ ተቀመጠች፣ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቴሌቪዥኑ ላይ ጮኸች።

"በርቱ የኔ ልጆች!"