ስምንተኛው ቺፕ ከዴሳንካ ወጥ ቤት ስለመነቀሉ

የሌስኮቫትስ የጠራ ድምፅ ወዳጆች ማኅበር ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 2019፣ ከቀኑ 9 ሰዓት
ቦታ፦ ሌስኮቫትስ፣ ሰርቢያ፤ የሊቀ መንበሩ ሳሎን፣ የወጥ ቤቱ በር ተከፍቶ (ለብርዱ ወራት አይቫር የተባለው ማባያ የሚሆነው ቀይ ቃሪያ እሳት ላይ ስለነበር)

የተገኙ፦
አቶ ስቬቶዛር፣ ሊቀ መንበር፣ ጡረታ የወጡ የሬዲዮ ጠጋኝ
ዶክተር ራዶቫን፣ የጥርስ ሐኪም፣ የሊቀ መንበሩ የሠርግ ሚዜ
አቶ ቦሪቮዬ፣ የቀድሞ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ
ወይዘሮ ዴሳንካ፣ የሊቀ መንበሩ ባለቤት፣ ጸሐፊ (የተመረጡት እስክሪብቶ ሊያቀብሉ በገቡበት ቅጽበት ነው)

ያልተገኙ፦ አቶ ሚዮድራግ፣ ጆሯቸውን ስላመማቸው በፈቃድ

ከአምስት አባላት አራቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። የመጀመሪያው ዙር ራኪያ፣ ማለትም የአገሩ አረቄ፣ ከዚያ በፊት ተሟልቶ ነበር።

አጀንዳ 1፦ ስለ መሣሪያው የቀረበ ሪፖርት

ሊቀ መንበሩ እንዳስረዱት፣ የሲዲውን ቁጥር ወደ ድምፅ የሚለውጡ ሰባት አሮጌ ቺፖች አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ ተበይደው፣ እግር ከእግር ተያይዘው፣ አንዱን ሥራ ሁሉም እኩል ይሠራሉ። የሚያወጡት ዜማ አንድ ስለሆነ ይደመራል፤ ከዜማው ሥር የሚሰማው ሹክሹክታቸው ግን የየራሳቸው ስለሆነ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» በማለትም አጠቃለዋል። ጸሐፊዋ ሎሚው ከማን ጓሮ እንደሚለቀም ጠየቁ። ጥያቄው ወደ አጀንዳ 2 ተመርቷል።

አቶ ቦሪቮዬ ቁልሉ የጠረጴዛውን ልብስ እንዳቃጠለ ጠቅሰው፣ ሙቀቱ በከንቱ ከሚቀር ቃሪያ ይጠበስበት የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ከረጅም ውይይት በኋላ አንድ ቃሪያ ለሙከራ ተፈቀደ።

አጀንዳ 2፦ ስለ ስምንተኛው ቺፕ

ሊቀ መንበሩ ስምንተኛ ከሌለ ሰባቱም እንደሌሉ ይቆጠራሉ አሉ። ፋብሪካው ይህን ቺፕ ማምረት ከተወ ቆይቷል። በከተማው የቀረው አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም በጸሐፊዋ የወጥ ቤት ሲዲ ማጫወቻ ውስጥ ነው።

ጸሐፊዋ ማጫወቻውን ሊቀ መንበሩ ገና እጮኛ ሳሉ ከጣሊያኗ ትሪየስት በካፖርት ሥር ደብቀው እንዳመጡላቸው፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቃሪያ ሲልጡ አብሯቸው የዘፈነው እሱ ብቻ እንደሆነ፣ እሱ ዝም ካለ ቤቱ እንደሚጨልምባቸው ገለጹ። የቀረው ቃል በቃል ይመዝገብ ተባለ፦ «ሰውዬ፣ ሰባቱን ጠረጴዛዬ ላይ ስትቆልል ዝም አልኩህ። ያንን ብትነካ ግን አንድ ጣሪያ ሥር አናድርም!»

ዶክተር ራዶቫን «ተይ እንጂ ሙሽሪት፣ ለሳይንስ እኮ ነው» አሉ። ጸሐፊዋ ሳይንሱ ከዶክተሩ ቤት እንዲጀምር ጠየቁ። ዶክተሩን ሳል ያዛቸው።

ከዚያም ጸሐፊዋ የንብረቱ ባለቤት ስለሆኑ ድምፅ እንዳይሰጡ፣ በተጨማሪም የሙዚቃ ጆሮ እንደሌላቸው ተወሰነ። ቺፑ ይነቀል የሚለው በሦስት ድምፅ ጸደቀ።

አጀንዳ 3፦ ስለ ሙከራው

ጸሐፊዋ ከመንቀላችሁ በፊት መብዛቱ ምን እንደሚጨምር አሳዩኝ አሉ። ሦስቱ አባላት ዓይናቸውን በሳህን ጨርቅ አስረው አንዱን ዘፈን መጀመሪያ በሰባቱ፣ ቀጥሎ በአራቱ ቺፖች ብቻ እንዲሰሙ ተስማሙ። መቀየሪያውን እንዲያዞሩ ጸሐፊዋ ተመደቡ፤ ጆሮ የሌለው ሰው አያዳላምና።

ዶክተር ራዶቫን በሁለተኛው ዙር ቫዮሊኑን ጉንፋን እንደያዘው መሰከሩ። አቶ ቦሪቮዬ ግን ሁለተኛው ከመጥራቱ የተነሣ የዘፋኙ ጥርስ ፍንጭት መሆኑን ሳይቀር ሰማሁ አሉ። ዶክተሩ ስለ ጥርስ ማን እንደሚናገር አስታወሱ። ሊቀ መንበሩ ሰባቱ ሲጫወቱ ሰማይ እንደተከፈተ፣ አራቱ ሲጀምሩ እንደተዘጋ ተናግረው ዓይናቸውን በጨርቁ ጠረጉ።

ጸሐፊዋ ሁለት እጃቸው በቃሪያ ተይዞ ስለነበር መቀየሪያውን እንዳልነኩት፣ ሁለቱንም ጊዜ የተጫወቱት እነዚያው ሰባቱ እንደሆኑ ለጉባኤው አሳወቁ። ሊቀ መንበሩ የሦስቱ አድማጮች ስሕተት እርስ በርሱ ስለተጠፋፋ ውጤቱ ንጹሕ ነው አሉ። ጸሐፊዋ «ተጠፋፍቶማ ባዶ ቀረ» አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ ይህ አጀንዳ በቃለ ጉባኤው እንዳይሰፍር ተወሰነ። ጸሐፊዋ አስፍረውታል።

አጀንዳ 4፦ ስለ ነቀላው አፈጻጸም

ሊቀ መንበሩ እልህ ይዟቸው ጠመንጃ መፍቻ አንሥተው ወጥ ቤት ገቡ። ጸሐፊዋ በሩ ላይ ቆመው አለቀሱ። ማጫወቻው ተከፈተ። ሊቀ መንበሩ ግን ነቀላውን ትተው ፈዘው ቀሩ። ፋብሪካው የሚያስገባው አንድ ቺፕ ሲሆን፣ እዚህ ያሉት ሁለት ነበሩ፤ አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ፣ በጠማማ የጀማሪ ብየዳ የተያያዙ።

ዶክተር ራዶቫን «እንዴ ሙሽራው፣ ረሳኸው? ስትበይደው ባትሪ ያበራሁልህ እኔ አይደለሁም?» አሉ።

ሊቀ መንበሩ ወደ ጸሐፊዋ ዞረው እንዲህ አሉ፦ «አንዱ ብቻውን ከሆነ ይንሾካሾክባታል፣ ሁለት ይሁኑላት ብዬ ነበር፣ ዴሳ። መደራረብ የለመደብኝ ያኔ ነው። ለምን እንደጀመርኩት ጠፋኝ።»

ጸሐፊዋ ይህን እስከ ዛሬ አለማወቃቸውን፣ አሁን ደስታቸው ወሰን እንደሌለው ገለጹ። ዓይናቸውን ያቃጠላቸው ጭሱ እንዳልሆነም ይመዝገብ አሉ።

አቶ ቦሪቮዬ «ሁለት ከሆኑማ ዘጠኝ ገባን!» ብለው በደስታ ዘለሉ። ሊቀ መንበሩ «ቦራ፣ ቁጭ በል!» ብለው ክዳኑን በገዛ እጃቸው መልሰው አሰሩት።

የመጨረሻ ውሳኔ

ከአጀንዳ 1 እስከ 4 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል፤ ለሙከራ የተፈቀደው ቃሪያም እስካሁን ጥሬ ስለሆነ ወደ እሳቱ ይመለሳል። ጸሐፊዋ ጆሮ አላቸው። ቁልሉ ወደ ጋራዥ ይሄዳል፣ ጠረጴዛው ለአይቫር ማሰሮዎች ይለቀቃል፣ አባላቱም ቃሪያ ይልጣሉ። ለአንድ ቤት ሁለት ቺፕ እንደሚበቃ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

ስብሰባው ወደ 12 ሰዓት ገደማ ተዘጋ። ማጫወቻው ዘፈን ጀምሮ ሊቀ መንበሩ የጸሐፊዋን እጅ ለጭፈራ ስለያዙ የቀረው አልተጻፈም።