ባሽሙሀንዲስ ደመቀና የበለጡ ቀይ ትራክተር

ሐበሻ ሰብሰብ ብሎ በሚኖርበት ከተማ ሁሉ ስለ ሞተር ሁሉን የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ከተማው ውስጥ ሞተር የሚባል ነገር ባይኖር እንኳ እሱ አይታጣም። ሳይጠሩት ይመጣል፣ ሳይጠይቁት ይመልሳል፤ ከተሳሳተም ጥፋቱ የሞተሩ እንጂ የእሱ ሆኖ አያውቅም። ለሱዳኗ ሾዋክ የደረሳት ደመቀ ነበር።

ሙሉ ማዕረጉ ባሽሙሀንዲስ ደመቀ ነው። ሱዳኖች ተምሮ ለተመረቀ መሐንዲስ የሚሰጡትን ይህን ስም ማን እንዳወጣለት በውል አይታወቅም፤ እሱው ራሱ ነው የሚሉ አሉ። ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ ቀጭን ሰው ነው፤ ከጀላቢያው ኪስ ካቻቢቴ አይለይም። ሬዲዮ ለገዛ፣ ብስክሌት ለሰበረ፣ ወፍጮ ላልነሣለት ሁሉ ምክር አለው፤ ምክሩም ሁልጊዜ የሚነሣው ከአንድ ቦታ ነው። "ሁመራ እያለሁ" ይላል። ሁመራ ከአብዮቱ በፊት በሰሊጥ እርሻው ትራክተር እንደ ከብት የሚሰማራበት አገር ነበርና፣ ይህን ያለን ሰው የሚከራከር የለም። ከዚያ ዐይኑን ጨፈን አድርጎ ጎንበስ ይላል። "ቆይ፣ መጀመሪያ ጆሮ እንስጠው።"

በለጡ ከዚህ ሰው ለማምለጥ የተቻላትን ሁሉ አድርጋ ነበር።

በለጡና ባሏ አየነው ጦርነቱን ሸሽተው ከጎንደር ወገን የመጡ ናቸው። አትባራ ወንዝ ዳር ትንሽ መሬት ተከራይተው ቲማቲምና ባሚያ ያለማሉ፤ ጎጇቸውም እዚያው ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ መኖ ሲጠፋ ጋሪ የምትስብላቸው አህያ ሞተች። አየነው ወገቡን ያመዋል፤ ስለዚህ አትክልቱ ገበያ የሚወጣው በበለጡ ጀርባ ሆነ። እንዲህ ባለችበት ሰሞን ነው፣ ከማሉ የሚባል የገዳሪፍ ነጋዴ፣ የወሎ ሰው፣ አንድ የፈረንጆች ማረፊያ ቤት ሲዘጋ ዕቃውን ጠቅልሎ መግዛቱን የሰማችው። ከዕቃው መካከል የግቢ ሣር የሚያጭድ ትንሽ ትራክተር ነበረበት። በለጡ ይህን ስትሰማ እንቅልፍ አጣች። ከኋላው ተሳቢ ቢታሰርለት አትክልቱን ገበያ ያደርሳል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጎጆውን የሚውጠውን፣ እባብ የሚተኛበትን ሣር ያጭዳል፤ የታጨደውንም ከብት ያለው ሰው ይወስደዋል።

ለአየነው ብቻ ነገረችው። ለማንም ትንፍሽ እንዳይልም አስጠነቀቀችው። በማግስቱ ጠዋት ወደ ገዳሪፍ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ስትወጣ ባሽሙሀንዲስ ደመቀ የታጠበ ጀላቢያውን ለብሶ መስኮቱ ጥግ ተቀምጧል፤ ለእሷም ቦታ ይዞላታል። ማን እንደነገረው ብትጠይቀው ማንም እንዳልነገረው፣ የሞተር ነገር ሲመጣ ግን ደሙ እንደሚያውቅ አስረዳት። የነገረው አየነው ነበር።

ከከማሉ ግቢ ሁለት ትራክተሮች ቆመዋል። አንደኛው ፋሽጋ በሚባለው የድንበር ሜዳ ላይ የማሽላና የሰሊጥ እርሻ ሲያርስ ያረጀ፣ የኋላ ጎማው የሰው ቁመት የሚያህል፣ ቀለም ተቀብቶ እንደ ሙሽራ የተዘጋጀ ግዙፍ ነው። ሁለተኛዋ ጥላ ስር የቆመች፣ ከወይፈን የማትበልጥ ቀይ ናት። ደመቀ ቀይዋን ዞር ብሎም አላያት። ግዙፉን ሦስቴ ዞረው፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገው፣ እንዲህ ያለው ብረት ዛሬ እንደማይሠራ ለከማሉ ነገረው። ከማሉም ባሽሙሀንዲሱ ዐይን ያለው ሰው መሆኑን ገና ከበር ሲገባ እንዳወቀ መለሰለት። ሁለቱ በዚህ ሲከባበሩ በለጡ ጥላው ስር ገብታ እጆቿን ዘርግታ የቀይዋን ስፋት ትለካለች።

"ምን ታደርጊያለሽ እዚያ?" አለ ደመቀ። "ይቺ እኮ ሣር መላጫ ናት። ሰው እህል ባጣበት ዘመን ሣር ስትላጪ ልትታዪ ነው?"

በለጡ ግን አስባበት ነው የመጣችው። ያኛው ቤንዚን ሳይሆን ናፍጣ እንደሚጠጣ፣ እንዲያውም እንደ ግመል እንደሚጠጣ፣ ነዳጅ ለመቅዳት ሰው ስንት ቀን እንደሚሰለፍ ዐይታለች። መለዋወጫው ቢገኝ እንኳ ለማንሣት ጎረምሳ ይፈልጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ በአትክልቶቹ መካከል ወደ ቤቷ የሚያስገባው መንገድ የአህያ መንገድ ነው። ከማሉ ግዙፉ የማይገባበት መንገድ እንደሌለ በነቢዩ ሊምል ሲል አቋረጠችው።

"ይገባል እንጂ፤ የጎረቤቴን የኢንቲሳርን አጥር፣ የእኔን ባሚያ፣ የሰውን ቤት ጨፍልቆ ይገባል" አለችና ቀይዋ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። እግሯ ፔዳሉ ላይ ደረሰ። ነገሩ ያን ጊዜ አለቀ።

ባሽሙሀንዲሱ በተሸነፈበት ቅጽበት ወገን ለወጠ። አሁን ደግሞ ቀይዋ ዓለም ላይ የትኛውም መኪና ያልተመረመረውን ምርመራ ልትመረመር ነው። ኮፈኗን ከፈተና እጁን ሞተሩ ላይ አሳረፈ፤ ቶሎም አነሣው። ወራት ቆማለች የተባለች መኪና ስለምን እንደምትሞቅ ከማሉን ጠየቀው። ከማሉ ፀሐይ ነው አለ። ደመቀ ቀና ብሎ ጥላውን አየ፣ ከዚያ ከማሉን አየ።

"የሞቀ ሞተር ሕመሙን ይደብቃል" አለ። "እስኪበርድ እንቀመጣለን።"

ተቀመጡ። ከማሉ በኀፍረት የሚጠጣ ከርከዴ አስመጣ። ደመቀ ስለ ሁመራ ተረከ። ሞተሩ በርዶ፣ ታሪኩ ግን ገና ሳይበርድ በለጡ ተነሥታ ቁልፉን አዞረች። መኪናዋ አጉረመረመች፣ ዝም አለች፣ እንደገና አጉረመረመች፣ ከዚያ ነጭ ጢስ ተፍታ ተነሣች። ጢሱ ወዲያው ጠራ። የበለጡ ልብ ከሞተሩ በላይ ይመታ ነበር። ደመቀ ዘይቱን በጣቶቹ መካከል አሸት አድርጎ አሸተተው፣ እሳት የምታጭረው ካንዴላዋ እንድትለወጥ፣ የአየር ፊልትሮው እንዲጸዳ ከማሉን አዘዘው፤ ከማሉም ያለ ክርክር ፈጸመ። ሞተሩን ከጎማው ጋር የሚያያይዘውን ቀበቶ፣ ቺንጊያውን፣ ትርፍ ቢጠይቁ ግን አልተገኘም። ደመቀ የነበረውን ጎተት አድርጎ አየና ገና ልጅ ነው ብሎ ፈረደ።

ቀይዋ በጭነት መኪና ተጭና ሾዋክ ስትገባ ከተማው ሳቀ። በረሃብ ዘመን ሣር ማጨጃ የገዛች ሴት ስትታይ ማን አይስቅ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደመቀ ጠዋት ጠዋት ከበለጡ ደጅ አይጠፋም። ሥራውን የምትሠራው እሷ ናት፤ እሱ ቆሞ ይናገራል። ሞተሩ ሳይነሣ በፊት ዘይት ማየት፣ የፊልትሮውን ስፖንጅ ከአቧራ ማጠብ፣ ሥሯ የተለጠፈውን እርጥብ ሣር ሳይውል ሳያድር መፋቅ፣ አለዚያ ብረቱን እንደሚበላው፣ ይህን ሁሉ ከእሱ ተማረች። እውነት ለመናገር ጥሩ አስተማሪ ነው። ክፋቱ ከእውነቱ መካከል የራሱንም ጣል ማድረጉ ነው። አንድ ቀን ለበረሃ ሙቀት ትንሽ ይጨመርላታል ብሎ ዘይቱን ከምልክቱ በላይ ሞላው፤ መኪናዋ የሰፈሩን ፍየሎች የሚበትን ጢስ አጨሰች። ጉንፋን ይዟት ነው፣ እያስወጣችው ነው አለ። ሌላ ቀን ቺንጊያውን እንደ ክራር ክር ወጠረው። በለጡ በጣት ሲጫኑት ትንሽ መርገብ እንዳለበት ከማሉ እንደነገራት ብትነግረው፣ ከማሉ የሳሙና ነጋዴ መሆኑን አስታወሳት።

ሰኔ ገባ። ሰማዩ ዓመቱን ሙሉ የነፈገውን በአንድ ሳምንት አወረደው። በዚያው ሳምንት ድንበር ተሻግረው የመጡ ብዙ ሰዎች ከወንዙ በላይ ባለው ሜዳ ላስቲክ ወጥረው ሰፍረው ነበር። የሚጠጡት ውኃ በቦቴ ነበር የሚመጣላቸው፤ ቦቴው ጥቁሩ ጭቃ ውስጥ እስከ ሆዱ ገባና ቀረ። ረፋድ ላይ ሉሉ የምትባል የሰፋሪዎቹ አስታማሚ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወደ አትክልቶቹ ወረደች። ልጆች የኩሬ ውኃ መጠጣት መጀመራቸውን፣ ተቅማጥ እንደገባም ተናገረች። በበለጡ አትክልት ጠርቶ የሚቀዳ ጉድጓድ ነበር። ወደ ሜዳው የሚያወጣው የወንዝ ዳር መንገድም አሸዋ ነው፤ አይሰምጥም፤ ግን ጠባብ ነው፣ የአህያ ነው።

በለጡ ወደ ቀይዋ ሄደች። ተሳቢውን አሰረች። አየነው ወገቡን ይዞ ሁለት በርሜል ሞላላት፣ ከአንድ ቀን በፊት የጉድጓዱን ውኃ ሲያጣጥል የዋለው ደመቀም ዛሬ ምክሩን ትቶ ቀዳ። ቀይዋ እያቃሰተች ወጣች። ደመቀ እጁን ኮፈኗ ላይ አድርጎ ከጎኗ ይራመዳል። ከሜዳው ጫፍ ሲደርሱ ሰዉ መጀመሪያ ምን እንደሆነች አላወቀም። ከዚያ በርሜሎቹን አዩ። አንዲት አሮጊት እልል ስትል በለጡ መሪውን እንደያዘች እንባዋ መጣ።

በሁለተኛው ጉዞ፣ መንገዱ ከሁሉ በሚጠብበት ቦታ፣ ጧ አለ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን አይዞርም። ቺንጊያው ለሁለት ተበጥሶ አሸዋው ላይ ወድቋል።

"ጠብቋል ብዬዎት ነበር፣ ጋሽ ደመቀ" አለች በለጡ።

ደመቀ ጎንበስ ብሎ ቁራጩን አነሣ፣ አገላብጦ አየው። ዞር ብሎም ሄደ። በለጡ ጀርባውን አይታ አፍሮ ነው የሸሸው አለች፤ ተናደደችበትም። የአትክልት ሴቶችን ጠርታ ውኃውን በጀሪካን ማሸከም ጀመረች። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ያ ቀጭን ሰው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ ጀላቢያውን ሰብስቦ እየሮጠ ሲመጣ አየች። አንገቱ ላይ ቺንጊያ አጥልቋል።

"ሁመራ እያለሁ መጠባበቂያ ሳልይዝ አድሬ አላውቅም" አለ እያለከለከ።

ቺንጊያው ትንሽ ይረዝማል። መወጠሪያውን አዛውረው አስገቡት። ሲጨርስ ካቻቢቴውን ያዘና ወደ በለጡ ቀና አለ።

"በጣትሽ ተጫኚው እስቲ። ይበቃል?"

ተጫነችው። በቃ አለችው። ከዚያ በኋላ ቀይዋ አልቆመችም። ሲመሽም፣ በማግስቱም፣ መንገዱ ደርቆ ቦቴው ከጭቃው እስኪወጣ ድረስ ተመላለሰች። ሾዋክም መሳቁን ተወ፤ ጭራሽ ቤንዚን የሚያዋጣ ሰው በዛ።

በዚያ ሰሞን ዝናቡ ሲያባራ በለጡ ቲማቲም ልትጭን ወደ ላይኞቹ አትክልቶች ወጣች። እዚያ ደመቀ የሚተዳደርበት አንድ አሮጌ የውኃ ፓምፕ ነበረው፤ ለገበሬዎቹ እያከራየ ይበላበታል። ፓምፑ ዝም ብሏል። ተከራዮቹ ሌላ ሰው ጋ ሄደዋል። ቀረብ ብላ አየችው፤ መዘውሩ ራቁቱን ነው፣ ቺንጊያ የለበትም። በለጡ እዚያ ብዙ ቆመች። በዚያው ሳምንት ገዳሪፍ ወርዳ ከከማሉ ጋር ተከራክራ አዲስ ቺንጊያ አመጣች፤ ወደ ደመቀም ሄዳ እጁ ላይ አኖረችለት። ደመቀ አገላብጦ አየና የዘንድሮ ጎማ ጥራት እንደሌለው ገለጸላት። ድምፁ ግን ቀጠን ብሎ ነበር።

"እጄ ዝሏል" አለችው ወደ ቀይዋ እያሳየች። "እስከ ገበያ አንቱ ይንዱልኝ።"

ደመቀ መኪናዋን አየ። በለጡን አየ። ወጣና ተቀመጠ፣ እግሩንም ፍሬኑ ላይ አኖረና መኪናዋን እንድትሄድ ለመናት። በለጡ ያን ጊዜ ገባት። ይህ ሰው ሁመራም ይሁን ሾዋክ መሪ ጨብጦ አያውቅም። ዙሪያዋን አየች፤ የሚሰማ ሰው የለም።

"በግራ እግርዎ ይልቀቁት፣ ቀስ ብለው" አለች፣ ከመሬት ሣር የምታነሣ መስላ።

ባሽሙሀንዲስ ደመቀ ሾዋክ ገበያ መካከል ገባ። ከአህያ ይልቅ ቀስ ብሎ ይነዳል፤ በየሱቁ ያለውን ሰው በየስሙ እየጠራ ሰላም ይላል፤ ሰውም በዐረብኛው ያ ባሽሙሀንዲስ እያለ ይነሣለታል። ቲማቲም ተራ ደረሰ፤ አልቆመም። አለፈና ዞሮ መጣ፣ እንደገናም አለፈ። እንዴት እንደሚቆም ስላላወቀ ይሁን ለመቆም ስላልፈለገ በለጡ አልጠየቀችውም። ቲማቲሟ ገበያውን ሲዞር እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እየሳቀች ከኋላው ትሮጣለች፤ ገዢ ሲጠራትም ቆይ ትላለች፣ ቆይ፣ አንድ ዙር ይጨምር።